እስከ ዓለሚቱ ክርን

ባንኮኒውን የሠራሁት በዓለሚቱ ክርን ልክ ነው። ይህን የምናገረው ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም።

ዓለሚቱ በጋሼ ዘውዱ ምግብ ቤት ስድስት ዓመት አስተናግዳለች። አጭር ናት። የድሮው ባንኮኒ ደረቷ ላይ ይደርስ ስለነበር ስድስቱንም ዓመት የቆመችው በተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ነው። ጋሼ ዘውዱ አዲስ ባንኮኒ ከነዳቦ ማሳያ መስታወቱ ሲያዙኝ፣ ከግድግዳው በፊት የለካሁት እሷን ነበር። ክንዷን አጥፋ ቆመች፤ ከወለሉ እስከ ክርኗ ለካሁ። ባንኮኒ የሚለካው ከኋላው ቆሞ በሚውል ሰው ነው፤ ሌላው ጌጥ ነው።

ጋሼ ግን አላመኑኝም። «ሴት አናጢ አይቼ አላውቅም። እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ ሥሪው» አሉ።

እሺ አልኩ። ከአንበሳሜ ያስመጣሁትን ዋንዛ እዚያው ቤት ውስጥ ላግሁ፣ ገጠምሁ፣ በኮላ አጣበቅሁ። አሥራ አንድ ቀን ወንበር ስበው ተመለከቱኝ። እጄን እንጂ ሥራውን አላዩም።

መስታወቱ ብቻ ሲቀር መጥተው እጃቸውን ባንኮኒው ላይ አሳረፉ።

«ይኼ ምንድን ነው? የባሕር ዳር ባንኮኒዎች ደረት ድረስ ይደርሳሉ። ከሥሩ አንድ ስንዝር ጨምሪበት።»

«ዓለሚቱስ?»

«ሳጥኗ አለላት።»

ዓለሚቱ ብርጭቆ ትወለውል ነበር። ቀና አላለችም።

«ጋሼ፣ አንቱ ከዚህ ኋላ ስንት ቀን ይቆማሉ?»

«እኔ ባለቤት ነኝ።»

«እንግዲያው የአንቱ ልክ አያስፈልግም። ወላሂ፣ አንዲት ጣት አልጨምርም።»

«ካልጨመርሽ ከቤቴ አውጪልኝ።»

ከመንገድ ሁለት ሸክመኞች ጠራሁ። አንሥተው በሩ ላይ አደረሱት፤ አልወጣም። በጎኑ አጋደሙት፤ አልወጣም። አንደኛው ላቡን ጠርጎ፣ «ጋሼ፣ ይኼስ እንደ ሙሽራ ነው፤ ገብቶ አልወጣም አለ» አላቸው።

«በይ ፍቺው» አሉኝ።

«በኮላ የተያዘ አይፈታም። እዚሁ ሥሪው ያሉት አንቱ ነዎት። መጋዙ ያውና፤ ከፈለጉ በሩን ይቁረጡ፣ ከፈለጉ ባንኮኒውን። እኔ አንዱንም አልነካም።»

መጋዙን አዩት። ከገሳይ የገቡ ሾፌሮች ለምሳ በር ላይ ቆመው መንገድ እስኪለቀቅላቸው ይጠብቃሉ።

«መልሱት» አሉ በመጨረሻ ለሸክመኞቹ።

ዓለሚቱ ጨርቋን አስቀመጠች። የቢራ ሳጥኑን ከጥግ ስባ ጋሼ እግር ሥር አኖረችው።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ። ደክሞዎታል።»

አልተቀመጡም። ሳጥኑን በእግራቸው ወደ ጓዳ ገፉት። እሷ ዞራ ከባንኮኒው ኋላ ገባች፣ ክርኖቿን ዋንዛው ላይ አሳረፈች፣ የመጀመሪያውን ሾፌር ዓይን ለዓይን አይታ ምን እንደሚበላ ጠየቀችው።