የእትዬ ቁልል

እርጥብ ካልሲ ሰው ሊገድል ይችላል ቢባል ማን ያምናል? ለጥቂት ግን ገድሎ ነበር።

መሐንዲሷ በአደጋው ዋዜማ አዲስ የተቀጠሩ የመንገድ ሠራተኞችን የተራራው ትከሻ ላይ ስታሠለጥን ዋለች። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ ለቀቀው። ይባስ ብሎ አንዱ ሠልጣኝ እግሩ ዞረበት፤ እሱ እያቃሰተ፣ እሷ እየተቆጣች፣ ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ቁልቁለቱን አወረደችው። ጫማዋ ውስጥ የገባው ውሃ በየእርምጃው ይንቦጫረቃል። መኪናው ጋ ሲደርሱ ሬድዮዋን አውጥታ ለቢሮ "ጨርሰናል" አለች። ጣጣው ሁሉ እዚህች ቃል ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም አልጨረሰችም።

"መሐንዲሷ" ብለው ያወጡላት የፓርኩ ሰዎች ናቸው፣ ለቀልድ። የምህንድስና ትምህርት ቤት በደጁም አላለፈች። ሥራዋ በፓርኩ ውስጥ ያሉትን የእግር መንገዶች መጠበቅ ነው። ዛፍ በሌለበት፣ ጭጋግ ቤቱን በሠራበት ከፍታ ላይ መንገዱ የሚታወቀው በድንጋይ ቁልል ብቻ ነው። ከአንዱ ቁልል ሌላው ይታያል፤ እሱ ጋ ደርሰህ ደግሞ ቀጣዩን ትፈልጋለህ፤ እንዲህ እንዲህ እያልክ ወደ ቤትህ ትገባለህ። የእሷን ቁልል ከሩቅ ያዩ ያውቁታል። ጫፉ ላይ ሁልጊዜ እንደ ድስት ክዳን የተገጠመ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ።

አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ታዲያ ትከሻው ላይ ያሉትን እውነተኛ ቁልሎች ታፈርስና በምትካቸው ወደ ገደል የሚወስዱ ሐሰተኞች ታቆማለች። ያበደች እንዳይመስላችሁ፤ ሥልጠና ነው። ሠልጣኙ ወገቡን በገመድ ታስሮ ቁልሎቹን ይከተላል። የመጨረሻው ቁልል ከገደሉ አፍ ጥቂት እርምጃ ላይ ነው የቆመው፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ ቀጣዩን በዓይንህ ሳታይ ከያዝከው ቁልል አትነሳም። ሕጉን የረሳ ሠልጣኝ ገመዱ ወገቡን ጨምድዶ ያስታውሰዋል፤ ሁለተኛ አይረሳም። ሥልጠናው ሲያልቅ ሐሰተኞቹ ይፈርሳሉ፣ እውነተኞቹ ይመለሳሉ፣ በሬድዮ "ጨርሰናል" ይባላል። ያን ጊዜ ቢሮው ለአስጎብኚዎች በሙሉ "ትከሻው ተከፍቷል" ብሎ ያሳውቃል።

እሷ ያን ቃል ያለችው በልማድ ነው። ሐሰተኞቹ እንደቆሙ ናቸው። ጠዋት ወጥቼ አፈርሳቸዋለሁ፣ በዚህ ዝናብ ደግሞ ማን በዚያ ይሄዳል ብላ ካልሲዋን ልትጨምቅ ቤቷ ገባች። ጠዋት ሲነጋ የሠልጣኙ እግር አብጦ ጫማ አልገባለት አለ፤ ሐኪም ቤት ይዛው ሄደች። የሐኪም ቤት ወረፋ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቢሮ ስትመለስ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር።

የሬድዮ ሠራተኛዋ ጠረጴዛዋ ላይ ብርቱካን ትልጣለች። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ የተራራ ሰንሰለቱ ካርታ ተለጥፏል። ፓርኮቹ በአረንጓዴ፣ ሰው የማይኖርበት ዱር በጥቁር አረንጓዴ የተቀባ ነው። መስኮቱ ላይ ግን ተራራ የሚባል ነገር የለም፤ ጭጋጉ እስከ መኪና ማቆሚያው ወርዷል። መሐንዲሷ ገመድና መዶሻዋን ከመደርደሪያው እያነሳች ትከሻው ላይ ትንሽ ሥራ እንዳላት ነገረቻት። ሠራተኛዋ ብርቱካኗን ሳትተው፣ እንግዲያው ወንድምሽን እዚያ ታገኚዋለሽ፣ የእንግዳዋ ጉልበት ስላበጠ በትከሻው አቋራጭ እመጣለሁ ብሏል፣ አለቻት።

መሐንዲሷ ክው አለች።

ወንድሟን ሁሉም ድንቡሼ ነው የሚለው። ሕፃን ሳለ ጉንጩ የሚቆረጥ ይመስል ነበር፤ አሁን እንጨት አክሎ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ሆኗል፤ ስሙ ግን እንደተለጠፈበት ቀረ። እናታቸው ስትሞት ጡት ከጣለ ብዙም አልቆየም ነበር። አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ተራራም ያስተማረችው እሷ ናት። ከእሷ ሌላ ሰው የለውም። እሷም ከሱ ሌላ የላትም። ጎበዝ አስጎብኚ ነው፤ አንድ ጉድለት ቢኖርበት እህቱ ተሳስታ ታውቃለች ብሎ አለማመኑ ነው። ያን ቁልል ደግሞ አይቶ የማን እጅ እንደሆነ ሳያውቅ አያልፍም።

መቼ ነው ያለሽ? አለቻት፤ ድምጿ ለራሷም አላምር አላት። ረፋድ ላይ ነበር አለች ሠራተኛዋ። ጥሪው፣ ጥሪው! አለች መሐንዲሷ። ሠራተኛዋ ብርቱካኗን ጥላ ደጋግማ ጠራች፤ ከትከሻው ወዲያ ሬድዮ አይደርስም፣ ሹክሹክታ እንኳ አልተመለሰም። የፓርኩ ኃላፊ ጫጫታውን ሰምቶ ከቢሮው ወጣ። የነፍስ አድን ቡድኑ ከአጎራባች ፓርክ እስኪመጣ ማንም ንቅንቅ እንዳይል፣ በዚህ ጭጋግ ሌላ ሰው መጨመር ትርፉ ሌላ ሬሳ መልቀም እንደሆነ ተናገረ። እውነቱን ነው። እሷ ግን ሬሳ የሚለውን ቃል ከሰማች በኋላ የሚያስቆማት አልነበረም። ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጥላ ወጣች። ሹፌሩ ኃላፊውን አየ፣ እሷን አየ፣ ቁልፉን አንስቶ ተከተላት። እግዜር ይስጠው።

መኪና የሚደርሰው እስከ ታችኛው መግቢያ ነው። ሹፌሩ እዚያ ሊጠብቃት ቀረ፤ እሷ ዳገቱን ተያያዘችው። እርጅና የጀማመረው ሳንባዋ ያፏጫል። ዓይን ቢወጉ የማይታይ ጭጋግ ነው፤ የዘረጋችው እጇ ጫፍ እንኳ ይጠፋባታል። አሁን ጉዷን ተመልከቱ፦ እንዲህ ባለው ጭጋግ ወንድሟ ያለበትን ለማግኘት ሌላ መንገድ ስላልነበራት፣ የገዛ ራሷን ሐሰተኛ ቁልል እያመነች መከተል ነበረባት።

ትከሻው ላይ ወጥታ የመጀመሪያውን ስታገኝ ጎንበስ ብላ ጫፉን ዳሰሰች። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አንዲት ነጭ ጠጠር አለች።

አስጎብኚዎች ከአንድ ቁልል ተነስተው ሲሄዱ ጠጠር ያኖሩበታል፤ ደህና አልፌያለሁ ማለታቸው ነው። ነጭ የሚመርጠው ድንቡሼ ብቻ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ኪሱ በነጭ ጠጠር እንደተቀደደ ነው፣ እሷም እየተቆጣች እንደሰፋች ነው። ጠጠሯን በጣቷ ነካቻት። በዚህ አልፏል። በስተቀኝ መታጠፍ ሲገባው በስተግራ፣ እሷ በመራችው በኩል።

ጭጋጉ ለአፍታ ሳሳ ሲል ቀጣዩን አይታ ሄደች፤ እሱም ላይ ነጭ ጠጠር። ከዚያም የሚቀጥለው ላይ። አንዷን እንኳ ሳታገኝ ብትቀር ደስ ባላት፣ ተመልሶ ሄዷል ባለች። ስሙን ልትጠራ ብላ ተወችው። ትከሻው ላይ ስም መጥራት ክልክል ነው። ከገደሉ ማዶ ያለው የድንጋይ ግድግዳ ድምፅን ተቀብሎ ይመልሳል፤ ጭጋግ ውስጥ የቆመ ሰው የተጠራው ከማዶ ይመስለዋል። በመሃል ያለው ደግሞ ባዶው ነው። የምትወጂውን ሰው ስሙን ብትጠሪው ወደ ሞቱ እንዲሄድ ልታደርጊው ትችያለሽ። ስለዚህ አፏን በሻርፗ አፍና ሄደች።

ከመጨረሻው በፊት ያለው ቁልል ላይ ጠጠር ነበረ። የመጨረሻው ጋ ስትደርስ በሁለት እጇ ጫፉን ዳበሰች። ጠፍጣፋው ድንጋይ ባዶ ነው። አጠገቡም ማንም የለም። ቁልሉን ተደግፋ ቆመች።

"እትዬ፣ ካለሽበት እንዳትነሺ።"

ድምፁ የመጣው ከመሬት ነው። ጭጋጉ ትንሽ ሳሳ ሲል አየችው። ድንቡሼ ከቁልሉ ወዲያ በደረቱ ተኝቷል፤ ገመድ ክንዱ ላይ ተጠምጥሞ ወደ ፊት ተወጥሮ ይሄድና ገደሉ አፍ ላይ ይጠፋል። እግሮቹ ላይ ደግሞ ሽበታም ሴትዮ ሙሉ ክብደታቸውን ጥለው ተቀምጠዋል፤ ያበጠ ጉልበታቸውን ዘርግተው፣ ምርኩዛቸውን ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሰክተው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። ተራሮቹን በካርታ ብቻ ሲያሳዩ ኖረው፣ ልጃቸው በዓይናቸው እንዲያዩአቸው ብሎ ከፓርክ ፓርክ ሲያዞራቸው ሰንብቷል። አሁን ገመዱ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለው ያው ልጃቸው ነው።

የሆነውን ሴትዮዋ በኋላ እንደተናገሩት፣ ድንቡሼ የመጨረሻው ቁልል ጋ ሲደርስ ቀጣዩን አጣው። እንደ ሕጉ ሁሉንም አስቀመጠና ጭጋጉ እስኪገለጥ እንጠብቃለን አለ። ጠበቁ፤ ጭጋጉ ወይ ፍንክች። እናት መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ልጅየው አላስችል አለው፤ ትንሽ ወደ ፊት ሄጄ ልይ ብሎ ድርቅ አለ። ድንቡሼ እምቢ ቢለው ብቻውን ሊነሳ ሆነ። እንግዲያው በገመድ ታስረህ ነው አለው፤ ጥቂት እንደተራመደ መሬቱ አለቀ። ድንቡሼ ወጥሮ ያዘው፤ መጎተት ግን አልቻለም። እሱም አብሮ እንዳይንሸራተት እናት እግሩ ላይ ተቀመጡ።

መሐንዲሷ ምንም አልጠየቀችም። ገመዷን ትልቁ ቋጥኝ ላይ ዞር አድርጋ አሰረች፤ በደረቷ እየተሳበች ሄዳ ከወንድሟ ገመድ ጋር ቋጠረችው፤ ቋጥኙ ሸክሙን ሲቀበል የድንቡሼ ክንድ ላላ። ከዚያ ሦስቱም ጎተቱ። ሴትዮዋ ሳይቀሩ፣ እንደተቀመጡ። መጀመሪያ እጅ መጣ፣ መዳፉ የተላጠ፤ ቀጥሎ ጭቃ የለበሰ ራስ። እናቱ ኮሌታውን ጨምድደው ያዙና አልለቅም አሉ።

ልጅየው ትንፋሹ ሲመለስ ቁልሉን አየ። በተላጠ መዳፉ ጠቆመው።

"ማነው ይሄን እዚህ ያቆመው? ማነው እንደዚህ የሚያደርግ ሰው?"

ድንቡሼ ክንዱ ላይ ገመዱ የበላው ቦታ ይደማል። ከእህቱ በፊት መለሰ።

"የእህቴ ሥራ አይደለም። የእሷ ቁልል ወደ ቤት ነው የሚወስደው። አንድ ተንኮለኛ ነው ያንቀሳቀሰው።"

ይሄን ብሎ አያት፤ አረጋግጪልኝ የሚል ዓይን ነበር። ልጅ ሳለ ጨለማ ሲፈራ የሚያያት ዓይን። አዎ ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ቢያንስ ለዚያች ቀን። ምላሷ ላይ መጥቶም ነበር፤ ምን ይደበቃል።

"እኔ ነኝ" አለች። "ለሥልጠናው ያቆምኩት ነው። ሳላፈርሰው ጨርሰናል አልኩ።"

 ድንቡሼ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በወደደች። የሚደማ ክንዱን በእጁ ጫን አድርጎ ያዘ።

"ሬድዮው ላይ ድምፅሽን ሰምቼ ነው በዚህ የመጣሁት" አለ።

እሷ ማልቀስ ጀመረች፣ ያኔ ነው ያለቀሰችው። አስተማሪዋ ምርኩዛቸውን ከስንጥቁ ነቅለው፣ ልጄ መጀመሪያ አውርጂንና ከዚያ እንደፈለግሽ ታለቅሻለሽ፣ አሏት። ልክ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ገመድ አሰረቻቸውና ወደ ኋላ መመለስ ጀመሩ። ሁሉም ወደሚቀጥለው ቁልል ሲሻገሩ፣ እሷ ከኋላ ቀርታ ያለፉትን ታፈርሳለች። ድንጋዩ ሲንኮታኮት ድንቡሼ ዞር ብሎ አላየም። ነጭ ጠጠሮቹ ከፍርስራሹ ጋር ሲበተኑ እሷ እያንዳንዷን አየች።

ከትከሻው ወርደው ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው እውነተኛ ቁልል ብቅ አለ፤ ጫፉ ላይ እንደ ድስት ክዳን የተገጠመ ጠፍጣፋ ድንጋይ። ድንቡሼ ገመዱን ይዞ ከፊቱ ቆመ። ድሮ ቢሆን አይቶት ፈገግ ብሎ ያልፍ ነበር።

"ይሄስ?" አለ።

"ይሄ እውነተኛ ነው።"

ቀጣዩን በዓይኑ እስኪያይ ጠብቆ ተራመደ። ጠጠር አላኖረም። ሁለተኛው ጋ ሲደርስ ደግሞ ቆመ። ይሄስ? እውነተኛ ነው። ሦስተኛውም ጋ፣ ከዚያ ወዲህ ባሉትም ሁሉ፣ እንግዶቹ እየሰሙ፣ ያለ ቁጣና ያለ ክፋት፣ ልክ ሥራውን እንደሚሠራ ሰው ይጠይቃል። እሷም በየአንዳንዱ ትመልሳለች። በሕይወቷ ያን ያህል የረዘመባት ቁልቁለት የለም።

መኪናው ጋ ሲደርሱ ሹፌሩ ብርድ ልብስ አውጥቶ ሴትዮዋን ጠቀለላቸው፤ ሬድዮውንም ለእሷ አቀበላት፤ ቢሮው ሁሉ ወሬዋን እየጠበቀ ነው። መሐንዲሷ አፏ ጋ አስጠግታ ያዘችው፤ ጨርሰናል የሚለው ቃል አልወጣ አላት።

"ሁሉም በሕይወት አሉ። ትከሻው ግን ዝግ ነው" አለች። "ቁልሎቹን ገና አላቆምኩም። ነገ ነው የማቆማቸው።"

ድንቡሼ የኋላውን በር ከፍቶ ሊገባ ጎንበስ እንዳለ ቆመ።

"ነገ አብሬሽ እወጣለሁ፣ እትዬ" አለ። "በዓይኔ ማየት አለብኝ።"

"እሺ" አለችው።