የመተንፈሻ ተራ

በትርፍ ጊዜዋ የምትዘምርበት የኅብረት ዝማሬ ቡድን የዓመቱ መዝጊያ ኮንሰርት ዕለት የፋርማሲስቷ ድምፅ ሻከረ። ከመስኮት መስኮት ስትንቆራጠጥ ባሏ፣ «የኔ እመቤት፣ ደመወዝ ለሌለው ዝማሬ የሕመም ፈቃድ ማን ይጠይቅሻል? ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ጉሮሮ ቢጎድል ማን ያውቃል?» አላት። እሷ ግን አላስቀምጥ ብሏት ሄደች።

የመጨረሻው ዜማ መዝጊያ ረጅም ድምፅ ነው፤ እንዳይቋረጥ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሁለት ሆነው በየተራ ይተነፍሳሉ፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ድምፁን ይዞ ይቆያል። የእሷ ጥንድ አንዲት ልብስ ሰፊ ናት። ፋርማሲስቷ ገና ከመጀመሯ ትንፋሿ ከዳትና ዝም አለች። ድምፁ ግን አልጎደለም። «ባሌ እውነቱን ኖሯል» ስትል አንገቷን ደፋች።

ወዲያው አንድ ክርን ጎኗን ጎሰማት። ዞር ብትል የልብስ ሰፊዋ ፊት ቲማቲም መስሏል፤ ሳትተነፍስ የመተንፈሻ ተራዋን እየጠበቀች ኖሯል። ፋርማሲስቷ በዚያው በሻከረ ድምፅዋ ገባች፤ ልብስ ሰፊዋም ተነፈሰች።