አባቴ ያሳየኝ የጎርፍ ምልክት

፩.

ውሸታም! አባቴን ነው የምለው።

፪.

ቆይ፣ አንባቢዬ፣ አትፍረጂብኝ። መጀመሪያ እጅሽን ወራጅ ውሃ ውስጥ ክተቺና መዳፍሽን ወደ ውሃው አዙሪው። ገፋሽ? አሁን ውሃው በእጥፍ ቢፈጥን ግፊቱ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። የድልድይ መሐንዲስ ነኝ። እንጀራዬ ይኸው ነው፤ ወራጅ ውሃ የቆመ ምሰሶን ምን ያህል እንደሚገፋ ማስላት።

፫.

ለትውልድ ቀዬዬ የእግረኛ ድልድይ እንድነድፍ ተመደብኩ። ወንዙ የውሃ ከፍታ መለኪያ ተተክሎበት አያውቅም። እንዲህ ሲያጋጥም የአገሬውን ሽማግሌ «ትልቁ ጎርፍ የት ደረሰ?» ብለን እንጠይቃለን። ከከፍታው ፍጥነቱን፣ ከፍጥነቱ ግፊቱን እናወጣለን።

ሽማግሌው አባቴ ነበር።

፬.

የተባባልነው እንዳለ፦

እኔ፦ አባዬ፣ እርግጠኛ ነህ?

አባዬ፦ (ወንዙ ዳር ያለውን የሾላ ዛፍ ሥር በዱላው እየነካ) ከዚህ አልፎ አያውቅም።

ጎረቤቶች፦ (ዝም።)

እኔ፦ አፈር ስሆን፣ እውነቱን ንገረኝ።

አባዬ፦ አንቺ ልጅ! አባትሽ ይዋሽሻል?

፭.

ይዋሸኛል።

፮.

ያኔ ግን አምኜው በምልክቱ አሰላሁ፤ ድልድዩ ተሠራ። ዛሬ፣ በነሐሴ፣ እንዴት ሆኖ ይሆን ብዬ ላየው መጣሁ። ጎርፉ የሾላውን ሥር አልፎ ግንዱን እስከ ወገቡ ውጦታል።

«ድሮም እዚህ ይደርሳል እኮ» አሉኝ ጎረቤታችን እትዬ ዘርትሁን።

«ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አላችሁ?»

«አባትሽ ነዋ! ወንዙ እዚህ ጋ ኃይለኛ ነው ከተባለ ድልድዩን ለላይ ሰፈሮች ይሰጡታል፣ አፋችሁን ያዙ አለና።»

፯.

እዚያው ቆሜ በጭንቅላቴ አሰላሁት። ግፊቱ ምሰሶው ከሚችለው በላይ ነው። መወዛወዙንም በዓይኔ አየሁ።

በገዛ አባቴ ልታለል! ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ሄጄ አጣራ ነበር።

፰.

ከማዶ አንድ ሰው ከገበያ እየተመለሰ ነው።

አባቴ።

«አባዬ! አትሻገር! ተመለስ!»

«ምን ሆንሽ?»

«ይወድቃል! ድልድዩ ይወድቃል!»

ሳቀ። «ሂጂ ወዲያ! ልጄ የሠራችው ይወድቃል?»

አንድ እግሩን ድልድዩ ላይ አሳረፈ።

፱.

የዋሸኝ ሰው እኔን አምኖ እየመጣ ነው።

መንደሩ ሁሉ በጩኸቴ ወጥቶ ቆሟል፤ የምለውን ይሰማል። ውሸቱን ካላወጣሁ አይመለስልኝም፤ ካወጣሁ በሰው ፊት አዋርደዋለሁ። ምን ብዬ ልጩህ? እኔ መምረጥ አቃተኝ፤ አንቺ ጻፊው። ቶሎ በይ፣ ሁለተኛውን እግሩንም አነሳ።

፲.

«አባዬ፣

 

                                        »