ስምንት ሚሊሜትር

ጋሽ በዳዳ እኔን ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ሽማግሌ ይዘው አያት ሰፈር ያለው ኮንዶሚኒየሜ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጡ። በር ስከፍት ሦስቱም ደረጃው ላይ ቆመው ያለከልካሉ። የምገባበት ጠፋኝ።

ሥራዬ የኖራ ድንጋይ በውኃ እየሟሟ ከመሬት በታች ዋሻ እንዴት እንደሚሆን በኮምፒውተር ማስላት ነው። ውኃ በስንጥቅ ይገባል፣ ስንጥቁን ያሰፋዋል፣ የሰፋው ደግሞ የባሰ ውኃ ያስገባል። ስለዚህ ስሌቱ ሁሉ የሚወሰነው መነሻ ላይ በምሰጠው የስንጥቅ ስፋት ነው። እሱን አባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ የውኃ ታንከር ሊሠራበት ከታሰበው ቦታ፣ ለክተው ያመጡልኝ የቢሯችን የመስክ ሠራተኛ ጋሽ በዳዳ ናቸው። ስምንት ሚሊሜትር ብለው ጽፈዋል።

እኔ ምሁሯ ሳቅሁ። ካራ ተወልዶ ከእንጦጦ ሥር ጥቁር ድንጋይ ሲለቅም ያደገ የገበሬ ልጅ ስለ ኖራ ድንጋይ ምን ያውቃል? ነጥቡን ረስተውት ነው ብዬ ዜሮ ነጥብ ስምንት አደረግሁት። ደውዬ መጠየቅ እችል ነበር። ኮምፒውተሩ ከሥር ያለው ክፍተት ክንድ አያስገባም አለኝ፤ መሬቱን በመሰርሰሪያ በስቶ ማረጋገጥ አያስፈልግም ብዬ ፈረምሁ።

የመሠረቱ ቁፋሮ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን መሬቱ ተደርምሶ ኤክስካቫተሩን ይዞት ገባ፤ የሹፌሩ እግር ተሰበረ። አለቃችን ስህተቱ ከልኬቱ ነው ወይ ብሎ በስብሰባ ላይ ሲጠይቀኝ ዝም አልሁ። ጋሽ በዳዳ በዚያው ከሥራ ታገዱ።

አሁን ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ወልደ ሐዋርያት፣ ቆመው ጀመሩ። በዳዳ ዓይኑ ደክሞ አሳስቶሻል፣ ስምሽም ተነክቷል፣ ለእኛ ስትይ ይቅር በይው አሉ። ጋሽ በዳዳ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ።

ብድግ ብዬ ያዝኋቸው። "ጋሽ በዳዳ፣ እርስዎ ትክክል ነበሩ። ቁጥሩን የለወጥኩት እኔ ነኝ።"

እንዲሰድቡኝ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ቀና አሉና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

"ሰማችሁ? ዓይኔ ደህና ነው።"

ደስ ብሏቸዋል። ከስድብ የባሰብኝ እሱ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሳቸውን ሲጠራጠሩ፣ አስፋልት እንኳ የልጃቸውን የዳርቱን እጅ ይዘው ሲሻገሩ እንደከረሙ ነገሩኝ።

ከዚያ እኔ ተቀምጬበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጡና ስልኬን ከጠረጴዛው አንስተው ሰጡኝ።

"ለአለቃችን ደውዪለት" አሉ። "እኛ እየሰማን ንገሪው።"

አለቃችን ገና ሄሎ ከማለቱ እንባዬ መጣ። ጋሽ በዳዳ አላባበሉኝም፤ ሁሉንም ተናግሬ እስክጨርስ ከወንበሩ አልተነሱም።