ለሊዲ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እንደለበሱ ቢሮው መሃል ቆመዋል። ወንበር ቢቀርብላቸውም አልተቀመጡም፤ ጉዳዩ ሳይሰማለት የሚቀመጥ ሽማግሌ የለም።

«አከም ቡልተን፣ እንደምን አደራችሁ» አሉ ትልቁ፣ ኦቦ ገላና፣ በጠዋት ከሁሩታ ተነስተው አዳማ የገቡት። «ልጃችሁን ሊዲን ለልጃችን ለብዙነህ ብለን መጥተናል።»

ኮምፒውተር ላይ የተደፉት ሁሉ እጃቸውን ሰበሰቡ። ጥግ የተቀመጠው ሰይፈሚካኤል አንገቱን ደፋ። ሊዲ የምትባል ሴት እዚህ ኖራ አታውቅም። ፎቶዋ ከየትም የተለቀመ ነው፤ ቃሏ ግን የእሱ ነው። በሥነ ጽሑፍ የተመረቀው ጎልማሳ ጺሙን እያሻሸ «መልእክትህ ካልደረሰኝ እንቅልፍ አይወስደኝም» እያለ ሚስቱ ለሞተችበት የስንዴ ገበሬ ለብዙነህ ሲጽፍ ከርሟል። ቢሮው የሚያስተዳድረው ድረ ገጽ ለትዳር አገናኛለሁ ይላል። የሚያገናኘው የሰውን ብቸኝነትና የባለቤቱን የኃይለየሱስን ኪስ ነው። ደንበኛው መልእክት በላከ ቁጥር ይከፍላል፤ ስለዚህ ወሬው አያልቅም።

ብዙነህ እንገናኝ ብሎ ሲያስጨንቅ «ቤተሰቦቼ ሽማግሌ ካልላክህ አይሆንም ብለዋል በለው» ብሎ ያዘዘው ኃይለየሱስ ነው። ይሸሻል ብሎ ነው፤ ሰውን ሁሉ እንደ ራሱ ይመስለዋል። ብዙነህ ግን የተከበረ መስሎት ደስ አለው። አድራሻውንም ያውቀዋል፤ «የአጎቴ ቢሮ ነው» ተብሎ ለሊዲ የላከው ባልዲ ሙሉ ማር እዚሁ ነው የደረሰው። ማሩን ኃይለየሱስ ጣቱን እየላሰ ጨርሶታል፤ ባልዲው አሁን የቢሮው ቆሻሻ መጣያ ነው።

አለቅየው ለወጉ እንኳ አልደነገጠም። ኮቱን ቆለፈና አጎት ሆነ። ልጅቷ ሐዋሳ መሄዷን፣ ዘመድ ማማከር እንዳለበት፣ ከፋሲካ በኋላ ቢመለሱ ደህና መልስ እንደሚያገኙ በትሕትና አስረዳ። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ ይህ ሌባ ወጉን ያውቀዋል፣ ወጉንም ሰረቀው።

የኦቦ ገላና ፊት በራ። ቀጠሮ መስጠት እንቢ ማለት አይደለም።

ሰይፈሚካኤል ታየው፤ ብዙነህ እስከ ፋሲካ መጻፉን አያቆምም፣ ከፋሲካ በኋላም ሌላ ሰበብ አይጠፋም። ከተናገረ ደግሞ ሥራው እዚሁ ያበቃል፤ ዲግሪውን ይዞ የስንቱን ደጅ እንደጠና እሱ ያውቃል። ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ።

«ያሳደጋት ይባረክ» አሉ ኦቦ ገላና። «የጻፈችውን ብዙነህ አንብቦልናል። ጨዋ ልጅ ናት።»

ሰይፈሚካኤል ተነሳ።

«አባቴ፣ ሊዲ እኔ ነኝ።»

ኦቦ ገላና ጺሙን አዩ፣ ከዚያ ኃይለየሱስን፣ ከዚያ ባልዲውን። ብዙነህ በላዩ በቀለም የጻፈው የሊዲ ስም አልለቀቀም። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። አልተሳደቡም፤ ቢሳደቡ ይሻል ነበር።

«ብዙነህ ታች መኪና ውስጥ ነው» አሉ። «ወግ ነውና ከእኛ ጋር አልወጣም። ቃሉን የሰጠኸው አንተ ነህ፤ አንተው ንገረው።»

ሊከተላቸው ሲል ኮምፒውተሩ ጮኸ። ለሊዲ መልእክት መጥቶላት ነበር፦ «ተቀመጡ አሏቸው?» ብዙነህ ነው፣ ከታች ሆኖ፣ ከፍሎ።

በሩ ላይ ደርሶ ዞር ቢል፣ ኃይለየሱስ እሱ በለቀቀው ወንበር ላይ ተቀምጦ መልሱን መጻፍ ጀምሯል። ሰይፈሚካኤል ደረጃውን በሩጫ ወረደ።