ፓፓያው ሥር

ሶፊያ ማለዳ ጫት ልታስር ከጭሮ ሂርና ትወርዳለች። ከመሄዷ በፊት ለሕፃን ልጇ ለራሕማ የጡቷን ወተት አልባ፣ ክዳን ባለው ኩባያ ቀዝቃዛው ጓዳ ታስቀምጣለች። የጤና ኤክስቴንሽኗ ናት እንዲህ ያስተማረቻት።

«እማ፣ ራሕማ ስትነቃ በማንኪያ ይስጧት» ትላለች ለአማቷ ለኡምኩልሱም።

«ወላሂ፣ ሰውም እንደ ላም ይታለብ ጀመር?» ብለው ሳቁ አሮጊቷ መጀመሪያ ቀን። ከሳቁ ሥር ግን ስጋት ነበር። የጎረቤት ልጅ ጅብሪልም የሚውለው እሳቸው ጋ ነው። ድክ ድክ ይላል፤ እጁ የገባውን ሁሉ ወደ አፉ ነው። ሁለቱን ሕፃናት አንድ ምንጣፍ ላይ እያዩ ኡምኩልሱም በሐሳባቸው ስንቴ ድረዋቸዋል! ጅብሪል ከሶፊያ ወተት ከጠጣ ግን ለራሕማ የጡት ወንድም ይሆናል። የጡት ወንድም ደግሞ ባል አይሆንም።

እናም ሶፊያ ከበር እንደወጣች ኩባያውን ደጅ ካለው ፓፓያ ሥር ይደፉታል። ለራሕማ የላም ወተት በውሃ አቅጥነው ያጠጧታል። «እኛስ በምን አደግን?» ይላሉ ለራሳቸው።

ብዙም ሳይቆይ ሕፃኗን ተቅማጥ ያዛት። ጉንጯ ሟሸሸ። ጤና ጣቢያ ሐኪሙ «ጡት ብቻ ነው የምትወስደው?» ሲል ሶፊያ «አዎ» አለች። ኡምኩልሱም ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ማታ ሶፊያ እሬት ቆርጣ ተቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አሉ ኡምኩልሱም።

«ጡቴን ልቀባው ነው፤ ትጣለው። ወተቴ ነው ያልተስማማት። አባቷ ኢርሻድ የጣሳ ወተት ያምጣላት።»

እሬቱ ጣቷ ላይ ይንጠባጠባል። ኡምኩልሱም ያን አረንጓዴ ጠብታ ሲያዩ ተጠጓት። እጇን ያዙ።

«ተዪው፣ ልጄ። ቀን ቀን የምትተዪውን ወተት አልቀመሰችውም። ፓፓያው ነው የጠጣው።»

በምትኩ ያጠጧትን የላም ወተትም፣ የፈሩትንም ነገሯት። ሶፊያ ጮኸች፦ «ለሰርጓ ብለው ልጄን ሊቀብሩብኝ!»

አሮጊቷ አልተቆጡም። «እውነትሽን ነው። ሙሽራዋ ሳትኖር ምን ሰርግ አለ?» አሉ ቀስ ብለው።

ሶፊያ ራሕማ እስክታገግም ሂርናን ትታ ጡቷን ስታጠባ ከረመች። ሥራ በጀመረችበት ማለዳ ኩባያውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች፤ መስጠቱ ከበዳት።

ኡምኩልሱም ኩባያውን ተቀብለው ጅብሪል ከማይደርስበት መደርደሪያ ሰቀሉት። «እሷ ስትጠጣ እሱ አንቺ ጫት በምታስሪበት ገመድ ይታሰራል» አሉ። ሶፊያ ሳትወድ ሳቀች፤ ሄደች።

ራሕማ ነቃች። አሮጊቷ ጅብሪልን ቂጣ አስይዘው በረንዳ አስቀመጡት፤ በሩን ገርበብ አድርገው በማንኪያ አጠጧት። ጠብታ አልቀረም። ባዶውን ኩባያ ሊያጥቡ ሲወጡ ቅጠሉ የሰፋው ፓፓያ ፊት ለፊታቸው ቆሟል።

«አንተ ግን» አሉት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጡት ጥለሃል።»