በሩ ላይ የተጫረው ጠመኔ

«እዚህ ነው እኮ! ዓይንሽን ምን ነካው?» አለች እናቷ።

ድንቡሼ ወለሉን በእጇ እየዳበሰች፣ ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን ሳህን አልፋው ሄደች። ገና አመሻሽ ነው፤ በበሩ የሚገባው ብርሃን መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት እንኳ ይበቃል።

ድንቡሼ የተባለችው በጨቅላነቷ ነው። በሦስት ዓመቷ የቀረላት ስሙ ብቻ! ላውንድሪ ቤት ልብስ ስትተኩስ የምትውለው እናቷ ሻይና ዳቦ አስቀምጣላት፣ በሩን ከውጭ ቆልፋባት ትሄዳለች። ምን ታድርግ? አደራ የምትለው አንድ ሰው የላትም።

«እማ፣ ጨለመ» አለች ልጅቷ።

እናትየው ወደ በሩ ዞረች፤ ውጭው ገና ብርሃን ነው።

በማግስቱ ከሥራ ቀርታ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ የልጅቷን ክንድ ለካች፤ ዓይኖቿን ገልጣ አየች።

«ሲመሻሽ ትደናቀፋለች?»

«አዎ እህቴ። ቅብጠት መስሎኝ ስቆጣት ከረምኩ።»

«የቫይታሚን ኤ እጥረት ይመስላል። ግን ባለፈው ወር ቤት ለቤት ጠብታውን ስንሰጥ ነበር። በራችሁ ላይ ምልክት የለም?»

«አለ» አለች እናትየው።

ምልክቱማ አለ። ጠብታ የወሰደ ልጅ ያለበት በር ላይ ሠራተኞቹ በጠመኔ ይጽፉ ነበር። ያን ቀን ጠዋት፣ ሠራተኞቹ እሷ ቤት ሳይደርሱ፣ የጎረቤቷ በር ላይ የተጻፈውን አየችና፣ በሥራዋ የልብስ እድፍ የምታከብበትን ጠመኔ ከኪሷ አውጥታ ያንኑ በራሷ በር ላይ ጫረች። አንኳኩተው የተቆለፈባትን ልጅ ለቅሶ ቢሰሙ ምን ይሏታል? «እናት ናት እንዴ ይቺ?» አይሏትም? ወይ ብልጠት! ቀኑን ሙሉ ስትተኩስ ደስ ብሏት ነበር የዋለችው።

«እንግዲያው ወስዳለች» አለች ነርሷ ብዕሯን እያነሳች። «ደግመን ብንሰጣት ሊበዛባት ይችላል። ለሆስፒታል ልጻፍልሽ፣ ሌላ ምክንያት ይፈልጉ። እንኳንም ወሰደች፤ ሳይሰጣት ቢቆይ ዓይኗ ይጠፋ ነበር።»

ድንቡሼ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ቆማለች። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ መሄድ ጀመረ።

«ቆይ እህቴ፣ አትጻፊ» አለች እናትየው። «በሩ ላይ የጫርኩት እኔ ነኝ። ልጄ ምንም አልወሰደችም። ሰው ስለሌለኝ ቆልፌባት ነው የምውለው።»